ሁለቱን ሸራ መስቀልስ ይሰቀላል፤ ማውረዱስ?

ዛሬ ስለ ኳስ አላወራም። ቆይ፣ ገጹን አትግለጡት! የማወራው ስለ ሁለት አጥቂዎች ነው። ልዩነቱ አጥቂዎቹ ሰዎች ሳይሆኑ ሸራዎች መሆናቸው ነው። ሜዳው አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ ከጎል እስከ ጎል ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ዳኛ የለውም፣ ተመልካች የለውም፣ ተቀያሪ ወንበርም የለውም። ጨዋታው 90 ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ቡድኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይጠብቃል። በቃ፣ ሙሉ አሰላለፉ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ከስፔኗ ካናሪ ደሴቶች፣ ከላስ ፓልማስ ወደብ፣ ብዙ ባለ ሸራ ጀልባዎች ተነስተው ወደ ካሪቢያን ይጓዛሉ። ጉዞው «ኤ አር ሲ» ይባላል። የተጀመረው በ1986 ነው (የዛሬው ጽሑፌ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። መጀመሪያ መድረሻው ባርቤዶስ ነበር፤ ከ1990 ጀምሮ ወደ ሴንት ሉሺያ ተዛወረ። ግማሹ ውድድር፣ ግማሹ ሽርሽር ነው። ለዋንጫ የሚሄዱ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ቤታቸውን ዘግተው የወጡ ቤተሰቦችና ጡረተኞች ናቸው።

እኛ «4-4-2 ይሻላል፣ የለም 4-3-3 ይሻላል» እያልን ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ እንደምንጨቃጨቀው ሁሉ፣ እነዚህም ሰዎች የማያልቅ ጭቅጭቅ አላቸው። ጥያቄው አንድ ነው። ነፋስ ከጀርባ ሲመጣ ሸራውን እንዴት እንስቀል? አንዱ ወገን «ዋናውን ሸራ በአንድ ጎን፣ የፊቱን በሌላ ጎን» ይላል። ሌላው «እንደ ፊኛ የሚነፋውን ስፒናከር አውጣና ብረር» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «ዋናውን ሸራ አውርደህ እሰረው፤ ከፊት ሁለት እኩል ሸራዎችን ግራና ቀኝ ዘርጋና ተኛ» ይላል።

እኔ የሦስተኛው ወገን ደጋፊ ነኝ። ግን ዝም ብሎ የሚያጨበጭብ ደጋፊ አይደለሁም፤ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ በዝናብ፣ በጨለማ፣ አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርደው የማይችለው ሸራ መሰቀል የለበትም። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

የጀርባ ነፋስ ወዳጅ ነው ያለው ማነው?

«ነፋስ ከጀርባ ከመጣማ ምን ችግር አለ? እየገፋ ይወስድሃል» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ተሳስቻለሁ።

በካናሪ ደሴቶችና በካሪቢያን መሀል ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ቋሚ ነፋስ አለ፤ «የንግድ ነፋስ» ይሉታል። ኮሎምበስ በ1492 ከካናሪ ደሴቶች ተነስቶ በ36 ቀን ማዶ የደረሰው በዚሁ ነፋስ ነው። የድሮ መርከበኞች መንገዱን ሲያመለክቱ «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ ውረድ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ታጠፍ» ይሉ ነበር። ነፋሱ በደህናው ቀን በሰዓት ከ28 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል፤ ከሞላ ጎደል ከጀርባ። ቀንም ሌሊትም።

የጀልባዋ ዋና ሸራ የሚሰቀለው ከምሰሶው በስተኋላ ነው። የታችኛው ጠርዙ «ቡም» በሚባል አግዳሚ ዘንግ ላይ ይታሰራል። ነፋስ ከጀርባ ሲሆን ቡሙ ወደ አንድ ጎን ተከፍቶ ይወጣል። ታዲያ ማዕበል ጀልባዋን መትቶ ትንሽ ቢያዞራት፣ ነፋሱ ከሸራው ኋላ ይገባና ቡሙን ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን በአንድ ጊዜ ይወረውረዋል። ይህንን «ጃይብ» ይሉታል። አውቀው፣ ቀስ ብለው ሲያደርጉት ምንም አይደለም። ሳይታሰብ ሲመጣ ግን ከባድ ዘንግ ከነሸራው ጀልባዋን አቋርጦ ይበራል። በመንገዱ ላይ የሰው ጭንቅላት ካለ፣ ምን ልበላችሁ፣ አለቀ። ቡሙን አስሮ የሚይዝ ገመድ አለ፤ ገመድ ግን ይበጠሳል።

ወሬ እንዳይመስላችሁ። ኤሪክ ታባርሊን የሚያህል መርከበኛ ፈረንሳይ አላፈራችም። አትላንቲክን ብቻውን የማቋረጡን ውድድር በ1964 አሸነፈ፤ በ1976 ደገመው። በኳስ ብንመስለው ፕላቲኒያቸው ነበር ማለት ነው። በ1998 በሰኔ ወር፣ አንድ ሌሊት በዌልስ አቅራቢያ፣ በራሱ አሮጌ ጀልባ በፔን ዱዊክ ላይ ሸራ ሲቀይር የሸራው የላይኛው ዘንግ መታውና ባህር ውስጥ ጣለው። ራሱን ከጀልባዋ ጋር በቀበቶ አላሰረም ነበር። አስከሬኑን ዓሣ አጥማጆች ያገኙት ከሳምንታት በኋላ ነው።

በ2015 ክሊፐር በተባለው ዓለምን የመዞር ውድድር ላይ፣ ከፖርቱጋል ጠረፍ ማዶ፣ አንዲት ጀልባ ሳይታሰብ ጃይብ አደረገችና ከተሳፋሪዎቿ አንዱ ተመቶ ሞተ። በ2022 ሰኔ ላይ ደግሞ ከቤርሙዳ ወደ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ስትጓዝ በነበረች 20 ሜትር ገደማ ጀልባ ላይ፣ ባልና ሚስት ነፋስ በርትቶባቸው ዋናውን ሸራ ለመቀነስ ሲታገሉ ነው አደጋው የደረሰው። ቡሙን የሚቆጣጠረው ገመድ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ መታቸው፤ ሁለቱም ሕይወታቸው አለፈ። ሁለቱም! እንግዲህ ዋናውን ሸራ አውርደው አስረው የሚሄዱትን ሰዎች «ፈሪዎች» የሚላቸው ሰው ካለ፣ እኔ ከፈሪዎቹ ጋር ነኝ።

እንደ ዮርክና እንደ ኮል

የሁለቱ ሸራ ብልሃት ምንድነው? መጀመሪያ፣ ዋናው ሸራ ስለሌለ ቡሙ መሀል ላይ ታስሮ ይቀመጣል። ቡሙ ከታሰረ የሚበር ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ኃይሉ የሚመጣው ከፊት ነው። ጋሪ አስቡ። ጋሪ ከኋላ ስትገፉት መንገድ ይስታል፤ ወደ ግራ ይላል፣ ወደ ቀኝ ይላል። ፈረስ ከፊት ሲጎትተው ግን ተከትሎ ይሄዳል። ዋናው ሸራ ከኋላ የሚገፋ ሰው ነው፤ ሁለቱ የፊት ሸራዎች ፈረሶቹ ናቸው።

ሦስተኛው ደግሞ የኳስ ሰው የሚገባው ነገር ነው። በ1998/99 የውድድር ዘመን ማንቸስተር ዩናይትድ ሦስቱን ዋንጫ ሲጠራርግ ከፊት የነበሩት ድዋይት ዮርክና አንዲ ኮል ነበሩ። አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል፤ አንዱ ተከላካይ ሲጎትት ሌላው ክፍተቱን ያገኛል። ሁለቱ ሸራዎችም እንደዚያ ናቸው። ጀልባዋ ወደ አንዱ ጎን ስትሳብ በሁለቱ ሸራዎች ላይ ያለው የነፋስ ኃይል መበላለጥ ይጀምራል። ብልጫው አፍንጫዋን ወደ መስመሯ ይመልሰዋል። በነገራችን ላይ ዮርክ የቶቤጎ ልጅ ነው፤ ይኸው የንግድ ነፋስ የሚነፍስባት የካሪቢያን ደሴት ልጅ። እንዴት ነው ገጠመኙ?

ይህንን ጥቅም የድሮ ሰዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። ፈረንሳዊው ሰዓሊና መርከበኛ ማሪን-ማሪ በ1933 ዊኒቤል በምትባል ጀልባ ብቻውን አትላንቲክን ሲያቋርጥ የተማመነው በሁለት መንታ የፊት ሸራዎች ነው። ያኔ በትናንሽ ባለ ሸራ ጀልባዎች ላይ አውቶፓይለት የተለመደ አልነበረም። የሸራዎቹ ገመዶች ወደ ኋላ ተስበው ከመሪው እንጨት ጋር ይታሰራሉ። ጀልባዋ መስመር ስትስት አንዱ ሸራ ጠንክሮ ይስባል፤ መሪውንም አብሮ ይስበዋል፤ ጀልባዋ ትመለሳለች። ሰውየው ደግሞ ይተኛል። እንግሊዛውያኑ ኤሪክና ሱዛን ሂስኮክም ከ1952 እስከ 1955 ዋንደረር ሦስት በምትባል 9 ሜትር ገደማ ጀልባ ዓለምን ሲዞሩ በጀርባ ነፋስ ላይ እንዲህ ያሉ መንታ ሸራዎችን ይጠቀሙ ነበር። ኤሪክ ዓይኑ በደንብ የማያይ ሰው ነበር። ሁለት ሰው፣ አንዲት ትንሽ ጀልባ፣ ሦስት ዓመት። ጉልበት አልነበረም ያዞራቸው፤ አሠራር ነው።

አሰቃቀሉ፣ ምስጢሩ አራተኛው ገመድ ላይ ነው

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነውና።

ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ ዘንግ ያስፈልጋል። የዘንጉ አንድ ጫፍ ምሰሶው ላይ ይያያዛል፤ ሌላው ጫፍ ከጀልባዋ ጎን ወደ ውጭ ይወጣና የሸራውን ጥግ ይይዛል። ርዝመቱ ከምሰሶው እስከ ጀልባዋ የፊት ጫፍ ያለውን ርቀት ያህል ይሆናል። 12 ሜትር በሆነች ጀልባ ላይ ወደ 4 ሜትር ተኩል አካባቢ መሆኑ ነው። ሁለት ሸራ፣ ሁለት ዘንግ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ።

እያንዳንዱ ዘንግ ደግሞ የራሱ ሦስት ገመዶች አሉት። አንዱ ከላይ ይሰቅለዋል፣ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ታች ይስበዋል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሦስቱ ሲወጠሩ ዘንጉ እንደ ጎል ቋሚ ቀጥ ይላል፤ ሸራ ኖረም አልኖረም አይነቃነቅም። ሸራውን የሚስበው ገመድ አራተኛው ነው። ይህ ገመድ በዘንጉ ጫፍ ውስጥ ያልፋል እንጂ ዘንጉን አይሸከምም።

ምስጢሩ ይኸው ነው። ዘንጉ ለብቻው ከቆመ፣ አውሎ ሲመጣ አራተኛውን ገመድ ታላላለህ፣ ሸራውን ትጠቀልላለህ፣ አበቃ። ዘንጉን ማንም አይነካውም። ወደ ጀልባዋ አፍንጫ መሄድ የለም። ሁሉም ነገር መሪው አጠገብ ተቀምጦ ይሠራል። ችግሩ ብዙ ሰው ገመድ ለመቆጠብ ብሎ ዘንጉን በሸራው ገመድ ብቻ ይይዘዋል። ቀን ላይ ያምራል፤ ፎቶም ይወጣለታል። ሌሊት ሸራው ሲላላ ግን ዘንጉም አብሮ ይላላል። 4 ሜትር ተኩል ዘንግ በጨለማ ሲወናጨፍ ቡሙን የፈራነው ለምን ነበር? ከአንድ ገዳይ ሸሽተን ሁለት ገዳይ ከፊት አቆምን ማለት እኮ ነው!

ሸራዎቹ ራሳቸው እንዴት ይሰቀላሉ? በድሮው አሠራር ሁለት የፊት ሽቦዎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ሸራ አንድ። ዛሬ ብዙ ጀልባዎች ላይ ሸራውን እንደ ሰሌን የሚጠቀልል መሣሪያ አለ። በሽቦው ላይ የሚለብሰው ዘንግ ሁለት ቦዮች ስላሉት ሁለቱም ሸራዎች ጎን ለጎን ይገባሉ። አንድ ገመድ ሲሳብ ሁለቱም እንደ ሁለት ድርብ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ይጠቀለላሉ። ለእኔ ምርጡ ይኼ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ነፋሱ ወደ ጎን ቢዞር አንዱን ሸራ ወደ ሌላው አዙረህ ሁለቱን እንደ መጽሐፍ ገጽ አነባብረህ እንደ አንድ ሸራ ትጠቀማቸዋለህ።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ዘንጎቹ የሚወጡት ሸራው ተጠቅልሎ ባለበት ነው። መጀመሪያ ሦስቱ ገመዶች ይወጠራሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሸራው የሚዘረጋው። መጀመሪያ ሸራ ዘርግቶ ከዚያ ዘንግ የሚፈልግ ሰው፣ ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ታኬታ እንደሚያስር ተጫዋች ነው።

ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። የዘንጉ ጫፍ ከሸራው ጥግ ጋር እኩል ከፍታ ላይ ይሁን። የሸራው ጥግ ከፍ ብሎ የተቆረጠ ይሁን፤ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ውሃ መዛቅ የለበትም። ዘንጉ ምሰሶውን ከጎን የሚይዘውን ሽቦ እየተደገፈ እንዲሄድ አይተው፤ ወይ ዘንጉ ይሰበራል ወይ ሽቦው ይጎዳል። አራተኛው ገመድ ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ላይ ቀንና ሌሊት ይፋተጋል። ለሦስት ሳምንት በአንድ ቦታ የተፋተገ ገመድ ሳይነግርህ ይበጠሳል። መፍትሔው በየቀኑ ጥቂት ሴንቲሜትር ማላላት ወይም መሳብ ነው፤ የተፋተገው ቦታ እንዲቀየር። ይኸው ነው፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ። የማይሠራው ሰው ግን ብዙ ነው።

ነፋሱ ይዋሻል

የጀርባ ነፋስ ሌላ ክፋት አለው፤ ይዋሻል። እስቲ እናስላው። ነፋሱ በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል እንበል። ጀልባዋ በዚያው አቅጣጫ በ11 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ጀልባዋ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚሰማው 26 ብቻ ነው። ጸሐይ አለ፣ ነፋሱ ለስለስ ያለ ነው፣ ቡና ተፈልቷል። «ምን አለ፣ ሰላም ነው» ይላል። ጀልባዋን ወደ ነፋሱ ቢያዞራት ግን የሚሰማው ወደ 48 ይጠጋል። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚያሳርፈው ኃይል አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ26 ወደ 48 ማለት ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ማለት ነው።

ለዚህ ነው «ሲበረታ እቀንሳለሁ» የሚል ሰው የሚሸወደው። የጀርባ ነፋስ በርትቶ እስኪሰማህ ድረስ አልፎብሃል። በተለይ ሌሊት። በንግድ ነፋስ ክልል ጥቁር ደመና ከኋላ እየተጠጋ መጥቶ ድንገት ዶፍና አውሎ ይዘረግፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ያልፋል። ያች አጭር ጊዜ ናት ፈተናዋ። ስለዚህ ደንቡ «ልቀንስ ይሆን?» ብለህ መጀመሪያ ባሰብክበት ሰዓት ቀንስ ነው። ማታ ከመተኛትህ በፊት ደግሞ ሸራውን በከፊል ጠቅልለው። በአንድ ሌሊት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብታጣ ማንም አይቀጣህም። ነጥብ አይቀነስብህም!

ጉድለቱንም እናውራ

ደጋፊ ነኝ ብዬ የቡድኔን ጉድለት አልደብቅም። የመጀመሪያው መወዛወዝ ነው። ዋናው ሸራ ጀልባዋን በጎን ደግፎ ይይዛት ነበር፤ እሱ ሲወርድ ጀልባዋ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ሰካራም ትወዛወዛለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሾርባው ከሳህኑ ይወጣል፣ ሰውየው ከአልጋው ይወጣል። መሀል ላይ ትንሽ ሸራ ጠፍጣፋ አድርገህ ወጥረህ ብትሰቅል ይቀንሳል፤ ፈጽሞ ግን አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ይህ አሰላለፍ የሚሠራው ነፋሱ ከጀርባ ወይም ለጀርባ ቀረብ ብሎ ሲመጣ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ነፋስ ሲዳከም ሸራዎቹ ትናንሽ ከሆኑ ጉዞው ይንቀረፈፋል።

እነዚህ ሁሉ ይታለፋሉ። የማይታለፈው አራተኛው ነው። ሰው ባህር ውስጥ ቢወድቅስ?

እንደገና እናስላ። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ጀልባ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ180 ሜትር በላይ ትርቃለች። በሦስት ደቂቃ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ። የአንድ ሰው ጭንቅላት በማዕበል መሀል በዚያ ርቀት አይታይም፤ ሌሊትማ አይወራም። ሁለት ሸራ ግራና ቀኝ በዘንግ የዘረጋች ጀልባ ደግሞ ዝም ብላ አትዞርም። መጀመሪያ ሁለቱም መጠቅለል አለባቸው፤ ከዚያ ሞተር፣ ከዚያ መዞር። ጀልባዋ ላይ የቀረው ሰው ደግሞ አንድ ነው፤ ከእንቅልፉ የነቃ፣ የደነገጠ፣ የወደቀውም ባሉ ወይ ሚስቱ የሆነች ሰው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይጨርሳል? ተለማምዶት ካልሆነ አይጨርስም።

ስለዚህ ነው አቋሜ የጠነከረው። ወደብ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አንዱ ቁጭ ብሎ ሰዓት ይያዝ፤ ሌላው ብቻውን ሁለቱንም ሸራ ይጠቅልል። ከዚያ ይቀያየሩ። ሚስትየው ማውረድ ካልቻለች ባልየው «እኔ እችላለሁ» ማለቱ ዋጋ የለውም፤ የሚወድቀው እሱ ሊሆን ይችላልና። ከዚያ ዓይን ተሸፍኖ ይሞከር። እስኪያልቅ ድረስ ያለው ጊዜ ረዘመ ካሉ የገመዱን አደራረግ ይቀይሩ። አንዱ በሌላው እግር ላይ የሚወድቅበት፣ የትኛው ገመድ የቱ እንደሆነ የማይለይበት አሠራር ከሆነ ደግሞ ይቅርባቸው፤ በአንድ ሸራ ቀስ ብለው ይሂዱ። ከሁሉም በላይ ግን ሌሊት ከታች ወደ ላይ የወጣ ሰው ሁሉ ቀበቶውን ከጀልባዋ ጋር ይሰር። ታባርሊን ያልማረ ባህር ማንንም አይምርም።

ለተቃዋሚዎቼ

«አውቶፓይለት ባለበት ዘመን የ1933 ዘዴ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አሉ። አውቶፓይለት መብራት ይበላል፤ ይበላሻል። ውቅያኖስ መሀል ጋራዥ የለም። ሁለት ሰው ለአሥር ቀን በእጅ መሪ ይዞ ቀንና ሌሊት ቢነዳ እንቅልፍ ብቻውን ይገድለዋል። ሚዛኗን የጠበቀች ጀልባ ግን ማሽኑንም አታደክመውም፤ ቢቆም ደግሞ ሰውየውን አታደክመውም።

«ስፒናከር ይፈጥናል» የሚሉትም እውነት አላቸው። ይፈጥናል። አሥር ጎረምሶች ያሉበት የውድድር ጀልባ ላይ እኔም ስፒናከር ነበር የምለው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች ግን የተነፋ ትልቅ ሸራ ሌሊት አውሎ ውስጥ ለማውረድ ከሚታገሉ አንድ ቀን ዘግይተው ቢደርሱ ምን ይጎዳቸዋል? ሴንት ሉሺያ የትም አትሄድም።

ፍጥነት ብቻውን እንደማያሸንፍ ደግሞ ከአህጉራችን ምሳሌ አለኝ። በ2022 የተጀመረው የጎልደን ግሎብ ውድድር ብቻን፣ ሳያርፉ፣ ያለ ጂፒኤስና ያለ ኤሌክትሪክ አውቶፓይለት ዓለምን መዞር ነው። 16 ሰዎች ተነሱ። ደንቡን ሙሉ በሙሉ ጠብቀው የጨረሱት ሦስት ብቻ ናቸው። አንደኛ የወጣችው ደቡብ አፍሪካዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር ናት፤ ሚኔሃሃ በምትባል ጀልባዋ በሚያዝያ 2023 ፈረንሳይ ገባች። ብቻን ዓለምን በሚዞሩበት እንዲህ ባለ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በመሀል ደግሞ ጀልባው የሰጠመችበትን ተወዳዳሪ ከውቅያኖስ አውጥታለች። ሌሎቹ ምን ሆኑ? አንዱ ዕቃው ተሰበረበት፣ አንዱ ምሰሶው ወደቀበት፣ አንዱ አቋረጠ። ያሸነፈችው ጀልባዋን ብቻዋን ልትቆጣጠራት የቻለችው ናት።

እኛም በኳሱ እናውቀዋለን። አሰልጣኝ የሚፈተነው 3 ለ 0 ሲመራ አይደለም፤ በ85ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ቀይ ካርድ ሲያይ ነው። ያኔ «ማን የት ይቆማል?» ብሎ ማሰብ የጀመረ ቡድን ተሸንፏል። ቀድሞ የተለማመደው ግን አንዱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዱ መሀሉን ይዘጋል፣ ጨዋታው ያልቃል።

እናም ሁለቱን ሸራ ስቀሉ። ያምራሉም፣ ይሠራሉም። ግን ከመስቀላችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ሰው «እኔ ብወድቅ ብቻህን ታወርደዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቶሎ «አዎ» ካላለ፣ ገና ከወደቡ አትውጡ።